ኡሙ አይመን እና ሶብር የምንለው ቃል



ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ያደግኩበት ቤት ከፈረሰ በኋላ አያቴ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገባች። ከዚያ በፊት፣ እኛ በኒን ከምንለው ከኑር መስጊድ የሚወጣው አዛን ሰዓቷ ነበር። ቡና የምታቀርበው፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን የምትውጠው፣ እኛን ከጨዋታ የምትጠራው በእሱ ነው። ዕቃ የጫንን ዕለት ሊሰናበት የመጣው ሰው ሁሉ ሶብር ያድርጉ እያለ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጠይቃት ስሄድ አዲሶቹ ጎረቤቶችም ይህንኑ ይሏታል። እነሱ ሲወጡ ወደኔ ዞር ብላ፣ መድረሳ ተምረሃል አይደል፣ ሶብር ማለት ዝም በይ ማለት ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

ያን ጊዜ የመለስኩላት ነገር የለም። ይህን ጽሑፍ ለጀመዓችን መጽሔት ስጽፍ ግን ጥያቄዋ አብሮኝ ነው።

ቃሉን እንዴት እንደምንጠቀምበት እናውቃለን። ሚድ ኤግዛም የተበላሸበትን ሶብር አድርግ እንለዋለን። ቤተሰብ የሞተበትን ሶብር አድርግ እንለዋለን። ዶርም ውስጥ ውሃ ሲጠፋም ሶብር ነው። አብዛኛውን ጊዜ፣ አላህ ይቅር ይበለንና፣ የሰውየውን ወሬ ለመጨረስ ነው የምንለው። በዐረብኛ የቃሉ ሥር መያዝ፣ ማሰር፣ ማገድ ነው፤ ሰው ነፍሱን ከቦታዋ እንዳትሸሽ ሲይዛት ሶብር ይባላል። ዑለማዎች በሦስት ይከፍሉታል፤ በመልካም ሥራ ላይ መጽናት፣ ከወንጀል መታቀብና በመከራ ጊዜ መቻል። እኛ ሦስተኛዋን ይዘን ሁለቱን ረስተናል። የአማርኛው ጽናትም ቢሆን ዝምታ የለበትም። ሕግ ጸና ስንል ሥራ ላይ ዋለ ማለታችን ነው። ሕመም ጸናበት ስንል በረታበት ማለታችን ነው። ለሚበረታው በሽታም፣ ለሚበረታው ሰውም አንድ ቃል መኖሩ ይገርመኛል።

ስለ ጽናት ሲወራ ሁላችን የምንጠራው ቢላልን (ረ.ዐ.) ነው፤ የመካ አሸዋ፣ ደረቱ ላይ የተጫነው ድንጋይ። ይገባዋል። ግን በማቴሪያል ትምህርት ላይ ብረት እንዴት እንደሚሰበር የተማርን ልጆች አንድ ነገር እናውቃለን። አንድ ዘንግ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ከባድ ጭነት እንደሚችል ይለካል። ሌላም መለኪያ አለ፤ ጭነቱ ትንሽ ነው፣ ግን ይመላለሳል፤ ሺህ ጊዜ፣ መቶ ሺህ ጊዜ፣ ሚሊዮን ጊዜ። የመጀመሪያውን ፈተና ያለፈ ብረት በሁለተኛው ሊሰበር ይችላል፤ ፋቲግ የሚባለው ይህ ነው። በሁለተኛው መለኪያ የተለካ የሰው ሕይወት ስፈልግ ያገኘሁት የሌላ ሐበሻ ነው፤ በረካ ቢንት ሠዕለባ፣ በቅጽል ስሟ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ.)። አያቴም ወደዚህ ታሪክ መርታኛለች፤ በሥጋ አያቴ አይደለችምና። አባቴን እናቱ ስትሞት አንስታ ያሳደገችው እሷ ናት።

በረካ ወደ ታሪክ የገባችው በውርስ ዝርዝር ውስጥ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አባት ዐብዱላህ ልጃቸው ሳይወለድ ሞቱ። የተዉት ንብረት አምስት ግመል፣ ጥቂት በጎችና አንዲት ሐበሻዊት አገልጋይ ነበር። ከግመልና ከበግ ጋር የተቆጠረችው ይህች ሴት፣ ከአሚና ቤት ሆና የሕፃኑን እድገት ካዩት ሁሉ ረጅሙን ዘመን አብራቸው የኖረች ሆነች።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) 6 ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው አሚና ወደ የሥሪብ ይዘዋቸው ሄዱ። በኑ ነጃር ዘንድ፣ የአያታቸው የዐብዱል ሙጦሊብ እናት ወገኖች ጋር፣ አንድ ወር ያህል ቆዩ። በረካም አብራ ነበረች። ሲመለሱ አሚና መንገድ ላይ ታመሙ፤ አብዋእ በምትባል ቦታ አረፉ፤ እዚያው ተቀበሩ። ከአብዋእ እስከ መካ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በረሃ ላይ አንድ ትኩስ መቃብር፣ አንድ የስድስት ዓመት ወላጅ አልባ ልጅ፣ ሁለት ግመልና አንዲት የሰው አገልጋይ ቀሩ። ልጁን ይዛ መካ ገባች፤ ለአያታቸው ለዐብዱል ሙጦሊብ አስረከበቻቸው፤ ማሳደጉንም ቀጠለች። ሲራ ጸሐፊዎች ይህን በሁለት መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ሁልጊዜ እዚያ መንገድ ላይ እቆማለሁ። ሌሊት የት አደሩ? ልጁ እናቴስ ሲል ምን መለሰች?

ከሁለት ዓመት በኋላ ዐብዱል ሙጦሊብም ሞቱ። የስምንት ዓመቱ ልጅ ከአስከሬኑ ኋላ እያለቀሱ ሲሄዱ ማየቷን የነገረችን እሷ ናት። በልጅነታቸው ተራበኝ፣ ጠማኝ ሲሉ ሰምታ እንደማታውቅ፣ ጠዋት ዘምዘም ጠጥተው ምሳ ሲቀርብላቸው ጠግቤያለሁ ይሉ እንደነበረም የተላለፈው ከእሷ ነው። ሌላው ሰው ነቢይነታቸውን አይቶ ነው የመሰከረው። እሷ ግን የልጅነት ሆዳቸውን ታውቃለች።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኸዲጃን (ረ.ዐ.) ባገቡ ጊዜ በረካን ነፃ አወጧት። ነፃ የወጣ ሰው ወደፈለገበት ይሄዳል። እሷ ከየሥሪብ ሰው፣ ከኸዝረጁ ዑበይድ ኢብኑ ዘይድ ጋር ተጋባች፤ አይመንን ወለደች፤ ኡሙ አይመን ተባለች። ከዚያ ትዳር በኋላ ግን ያገኘናት እዚያው ነቢዩ ቤት ነው። ወሕይ ከወረደ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጀነት ሰዎች የሆነች ሴት ማግባት የሚፈልግ ኡሙ አይመንን ያግባ በማለት መናገራቸውን ኢብኑ ሰዕድ ዘግቧል። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ.) አገባት፤ በዕድሜ ትበልጠው ነበር። ኡሳማን ወለዱ።

የዚህ ልጅ መልክ ለእናቱ ሌላ ጭነት ሆነ። ዘይድ ቀይ ነው፤ ኡሳማ እንደ እናቱ ጥቁር ነው። ሰው አማ። ሐሜቱ በማን ክብር ላይ እንደሚያርፍ መናገር አያስፈልግም። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው አንድ ቀን አባትና ልጅ ፊታቸውን ተሸፋፍነው እግራቸው ብቻ ወጥቶ ተኝተው ሳለ፣ በመልክ ዘር በመለየት የታወቀው ሙጀዚዝ ያያቸዋል፤ እነዚህ እግሮች አንዱ ከአንዱ ናቸው ይላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሰምተው ፊታቸው በደስታ እያበራ ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ገቡ። እሳቸው ቀድሞም አልተጠራጠሩም፤ ደስ ያላቸው ወሬኛው በራሱ ሚዛን አፉ በመዘጋቱ ነው። ኡሙ አይመን ያን ሁሉ ዓመት ምን ብላ እንደቻለችው አልተጻፈም።

በሂጅራ መንገድ ስለደረሰባት ጥም ኢብኑ ሰዕድ የዘገበው ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት ነው። ጾመኛ ነበረች፣ በእግሯ ነበረች፣ ውሃ አልነበራትም። ረውሓእ አጠገብ ጥሙ ሲበረታባት ከሰማይ በነጭ ገመድ የተንጠለጠለ ባልዲ ወረደላት፤ ጠጥታ ረካች። ከዚያ በኋላ በሐሩር ቀን ጾማ ስትውል እንኳ ጥም እንዳላገኛት ትናገር ነበር። እኔ በዚህ ዘገባ ውስጥ ከባልዲው በፊት ያለው ነው የሚይዘኝ፤ ባልዲ እንደሚወርድ ሳታውቅ ነው የተራመደችው።

መዲና ስትደርስ ዝምተኛ አሮጊት ሆና የተቀመጠች የመሰላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በኡሑድ፣ በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ውሃ እያጠጣችና ቁስለኛ እያከመች ነበር። የሸሹ ሰዎች ወደ መዲና ሲመጡ ፊታቸው ላይ አፈር በተነችባቸው፤ እንዝርቱን ውሰዱና ፍተሉ፣ ሰይፋችሁን አምጡ የሚል ተግሣጽ እንደጨመረችበት ዋቂዲ ጽፏል።

የተምሩ ዛፍ ጉዳይ ደግሞ አለ። አንሷሮች ስደተኞቹን ሲቀበሉ ከተምር ዛፎቻቸው ሰጥተው ነበር። የአነስ (ረ.ዐ.) ቤተሰብ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡትን ዛፍ እሳቸው ለኡሙ አይመን ሰጧት። ሙሃጂሮች የራሳቸው መሬት ሲያገኙ የተሰጣቸውን መመለስ ጀመሩ፤ አነስም ዛፋችንን ሊል መጣ። ነቢዩም መልሰው ሰጡት። ኡሙ አይመን ግን ልብሱን አንገቱ ላይ ጠምጥማ ያዘችው፤ በአላህ ስም ምላ አልሰጥም አለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልተቆጧትም። ይህን ያህል ልስጥሽ ይላሉ፤ እሷ አይሆንም ትላለች፤ ይጨምራሉ፤ አሁንም አይሆንም። አሥር እጥፍ ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ሲደርስ ለቀቀች። በግመልና በግ መካከል ተቆጥራ የነበረች ሴት የእኔ የምትለውን ስትይዝ፣ ሶብር አድርጊና ተይው ያላት የለም።

አልቅሳለችም። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤተሰብ አንዲት ሕፃን በእቅፋቸው ሆና ነፍሷ ስትወጣ፣ ኡሙ አይመን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። በአላህ መልዕክተኛ ፊት ታለቅሻለሽ ወይ ሲሏት፣ እርስዎ እያነቡ አይደለም እንዴ ብላ መለሰችላቸው። እሳቸውም እንባው እዝነት መሆኑን ነገሯት። በነሳኢ ዘንድ ያለ ዘገባ ነው። ያሳደጉትን ልጅ እንዲህ ብሎ መመለስ የሚችለው ያሳደገ ብቻ ነው። እሳቸውም ከእናቴ በኋላ እናቴ ይሏት ነበር፤ እቤቷ እየሄዱ ይጠይቋታል። አንድ ቀን የሚጠጣ አቀረበችላቸው፤ ጾመው ይሁን ሳይፈልጉ፣ አልጠጡም፤ ጮኸችባቸው። ይህን የተረከው አነስ ነው፤ አንገቱን የታነቀው ያው አነስ።

አሁን ወደ ከባዱ ዓመት ልግባ።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ኸይበር ላይ እሷ ነበረች፤ የበኩር ልጇ አይመን ግን አልዘመተም። እናቱ ፈሪ አለችው። ገጣሚው ሐሳን ኢብኑ ሣቢት ፈረሱ ታሞበት ነው ብሎ በግጥም ተከራከረለት። በቀጣዩ ዓመት፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ጁማደል ኡላ ወር፣ ባሏ ዘይድ ሙእታ ላይ ሠራዊቱን እየመራ ሸሂድ ሆነ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በሸዋል፣ ሑነይን መጣ።

ሑነይን ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ሙስሊሙ ብዙ ነበር፣ በብዛቱም ተመካ፤ ሸለቆው ውስጥ ቀስት ሲዘንብ ግን ተበተነ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዙሪያ ጥቂት ሰዎች ቀሩ። ኡሙ አይመንም እዚያ ነበረች፤ ለተዋጊዎቹ ዱዓ ታደርጋለች፤ አላህ እግራችሁን ያጽና ማለት ነው የፈለገችው። በዐረብኛ ቃሉ ሠበተ ነው፣ በሠእ። ከአፏ የወጣው ግን ሰበተ ነው፣ በሲን። ሠበተ መጽናት ነው፤ ሰበተ ማረፍ፣ መቋረጥ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምላሷ የሚከብዳት መሆኑን ነግረው ዝም እንድትል አዘዟት።

እህት ወንድሞች፣ ይህን ሳነብ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ማንበብ አቃተኝ። ቃዒዳ የቀራን ሁላችን ሠእን እናውቃታለን። ምላስህን በጥርስህ መሃል አውጣ ይለናል ኡስታዙ፤ እናወጣለን፤ ስንመለስ ያው ሰ ነው። በአማርኛ ሠን እና ሰን በጽሑፍ ብንለይም አፋችን አይለያቸውም። እኔ በዚህች ፊደል ምክንያት በመድረሳ ብዙ ጊዜ ተስቆብኛል፤ ከዐረብ አገር ያደገ ልጅ መጥቶ ሲቀራ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከነቢዩ ጋር የኖረች፣ ዕድሜዋን በሒጃዝ የጨረሰች ሴት የኛኑ ሠእ ይዛ መቅረቷን ማን ነገረኝ? ሰላምታም አስቸግሯት ነበር፤ ስትል ትርጉሙ እየተገለበጠባት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰላም ብቻ እንድትል ፈቀዱላት። እኛ አንድ ፊደል ለሳተ ኢማም የምናደርገውን አስታውሱ።

ቃሉ በአፏ የተጣመመው በዚያው ጦር ሜዳ ላይ፣ ፈሪ ያለችው ልጇ አይመን ከጸኑት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ኢብኑ ኢስሓቅ በስም ቆጥሮታል። አልሸሸም፤ እዚያው ተገደለ። ጽና ማለት ያልሆነላት እናት ልጅ ነው የጸናው። በአምስት ወር ውስጥ ባልና ልጅ።

ከዚያ በኋላም ያሳደገቻቸው ልጅ ቀሩላት፣ ኡሳማም። በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሃያ ዓመት ግድም ወጣት የነበረውን ኡሳማን ወደ ሻም የሚዘምት ጦር አዛዥ አደረጉት። ሰዎች በዕድሜውና በነፃ የወጣ ሰው ልጅነቱ አጉረመረሙ፤ እሳቸው ቀደም ሲል በአባቱም ላይ እንዲህ ብላችሁ ነበር ብለው ገሠጿቸው። ጦሩ ጁርፍ ላይ ሰፍሮ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጣር ላይ መሆናቸውን የሚናገር መልዕክተኛ ወደ ኡሳማ የላከችው እናቱ ናት። አብዋእ ላይ የእናታቸውን ሞት ያየች ሴት፣ የእሳቸውንም አየች።

ከዚያ በኋላ አቡበክር ለዑመር፣ ነቢዩ ይጠይቋት እንደነበረው ኡሙ አይመንን እንጠይቃት አሉ፤ ሄዱ። ስታያቸው አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልዕክተኛው የተሻለ መሆኑን ሊያጽናኗት ሞከሩ። ያንን ማወቋን፣ የምታለቅሰው ከሰማይ የሚወርደው ወሕይ በመቋረጡ መሆኑን ነገረቻቸው። ሊያጽናኑ የሄዱት ሁለቱም አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ። ይህ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበ ነው። ለአያቴ ያነበብኩላት ይህን ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ሶብር አድርጊ ብለዋት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላሉም፣ ተቀምጠው አለቀሱ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ቡና አፈላች።

ዑመር (ረ.ዐ.) ሲገደል፣ በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኡሙ አይመን ገና ነበረች። ዛሬ እስልምና ተዳከመ በማለት ማልቀሷ ተዘግቧል። ኢብኑ ሰዕድ እንደጻፈው የሞተችው በዑሥማን (ረ.ዐ.) ኺላፋ መጀመሪያ ነው። ከዐብዱላህ ቤት ጀምሮ ስንት ዘመን እንደሆነ ቁጠሩት።

በዚያ በመጨረሻው ጊዜ መዲና ውስጥ የተምር ዛፍ ተወድዶ፣ የአንዱ ዋጋ 1000 ድርሃም ደርሶ ነበር። ኡሳማ አንዱን ዛፍ ቆርጦ ሰንጥቆ፣ ከውስጡ ያለውን ለስላሳ ልብ፣ ጁማር የሚባለውን አወጣ። ጁማሩ ሲወጣ ዛፉ ይሞታል። ሰዎች ገረማቸው፤ ዋጋውን እያወቅህ ለምን አሉት። እናቴ ጁማር አማራት፤ የምችለውን ነገር ጠይቃኝ ሳላደርግላት ቀርቼ አላውቅም አላቸው። ይዞላት ሄደ፤ አበላት።